ኢንሹራንሱ የከፈለው የካሳው መጨረሻ አይደለም

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ባለቤቴ ግንበኛ ነበር። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከወንድሙ ጋር ከሥራ ሲመለሱ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጭነት የያዘ አይሱዙ ገጭቷቸው ባለቤቴ በ42 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ። ወንድሙ የታፋ አጥንቱ ተሰብሮ እስካሁን በክራንች ነው የሚሄደው። ሾፌሩ በዋስ ወጥቷል፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። የመኪናው ባለቤት አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ሽማግሌ ልኮ «ለሞተው ኢንሹራንሱ ይከፍላል፤ እኔ ለሰደቃ 100,000 ብር ልስጥና በይቅርታ እንጨርስ» ብሏል። ሊብሬው ደግሞ በሌላ ሰው ስም ነው ይባላል። የ14 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ፤ አማቴም የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አላህ ጽናቱን ይስጣችሁ። ከሁሉ አስቀድሞ፣ ሽማግሌዎቹም ሆኑ የኢንሹራንስ ሠራተኛው የሚያቀርቡልዎትን ወረቀት አሁን አይፈርሙ። ሽምግልናውን እምቢ ይበሉ ማለቴ አይደለም፤ ሽምግልና ወሎ ውስጥ የተከበረ ነው፣ ቂምም ያበርዳል። አደጋው ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ «ከእንግዲህ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር አንጠይቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገባበታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት ደግሞ እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። በኋላ «አልገባኝም ነበር» ብሎ ማፍረስ እጅግ ከባድ ነው።

አንድ ነገር ግን ይወቁ። በቸልተኝነት ሰው መግደል በቤተሰብ ይቅርታ የሚቋረጥ ክስ አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። እርቁ ለሾፌሩ የሚጠቅመው ቅጣት ሲወሰን እንደ ማቅለያ ስለሚያዝለት ነው። ስለዚህ ይቅርታውን ሰጥታችሁ የካሳ መብታችሁን መያዝ ትችላላችሁ፤ ሁለቱ የግድ አብረው አይሄዱም። ገንዘቡን ከተቀበላችሁ ወረቀቱ «ለቀብርና ለሰደቃ ወጪ የተሰጠ፣ በፍርድ ቤት ከሚወሰነው ካሳ ላይ የሚታሰብ፣ ሌላ መብት የማያስቀር» ይበል። ባለንብረቱ ይህን አልፈርምም ካለ ገንዘቡ የሰደቃ ሳይሆን የመብታችሁ መግዣ ነበር ማለት ነው። የልጆቹ ድርሻ ደግሞ የራሳቸው ነው፤ በእነሱ ስም የሚደረግ ስምምነት ለፍርድ ቤት ቀርቦ ካልጸደቀ አይስማሙ።

አሁን ወደ ፍሬኑ። የባለንብረቱ ጠበቃ «የቴክኒክ ችግር ነው፣ ጥፋት የለም» ብሎ እንደሚከራከር አልጠራጠርም። ክርክሩ ለወንጀሉ ክስ ሊጠቅም ይችል ይሆናል፤ ለካሳው ግን አይጠቅምም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። በዚህ ድንጋጌ የሚያመልጠው በአደጋው ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ቁጥር 2086 ደግሞ ጥፋት አለመሥራቱን፣ የአደጋው ምክንያት አለመታወቁን ወይም ሌላ ሰው ያደረሰው መሆኑን ማስረዳት ነጻ እንደማያወጣው ይደነግጋል። የሚቀረው መከላከያ የተጎጂው ጥፋት ብቻ ነው። ሐረጎን የሚያህል ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሙሉ ጭነት ይዞ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ሊግል እንደሚችል ባለንብረቱ ከማንም በላይ ያውቃል። ሕጉም አደጋውን ያሸከመው ከመኪናው በሚጠቀመው ሰው ላይ ነው። ሾፌሩ በወንጀል ነጻ ቢባል እንኳ በቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤቱ በዚያ ውሳኔ አይታሰርም።

ስለዚህ ትግሉ የሚሆነው «መንገዱ መሐል ይሄዱ ነበር» በሚለው ላይ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ የሠራውን የአደጋ ፕላን (የአደጋውን ቦታ የሚያሳይ ንድፍ) ቅጂ አሁኑኑ ይጠይቁ፤ ካልተሰጠዎት ፍርድ ቤት እንዲያስቀርብልዎት በክሱ ማስረጃ ዝርዝር ውስጥ ያስገቡት። ፕላኑን ሲያዩ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ባለቤትዎ የወደቁበት ቦታ አስፋልቱ ላይ ነው ወይስ የመንገዱ ትከሻ ላይ፤ ጎማው የተጎተተበት ምልክት ስንት ሜትር ነው፣ ወዴትስ ያዘነብላል፤ መኪናው የቆመው ከግጭቱ ቦታ ስንት ሜትር ርቆ ነው። ምልክቱ ወደ ትከሻው ከታጠፈ መኪናው ነው ወደ እግረኞቹ የሄደው። ወንድምየው ተጎጂም የዓይን ምስክርም ስለሆኑ ለፖሊስ የሰጡት ቃልና ለፍርድ ቤት የሚሰጡት ቃል መጋጨት የለበትም። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው በሕመም የሰጡት ቃል ካለ ቀድመው ያንብቡት። ፍርድ ቤቱ ከተጎጂው ወገን ጥፋት ካገኘ ካሳው በዚያ ልክ ይቀነሳል።

ማንን ነው የምትከሱት? ሾፌሩን፣ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለውን ሰው፣ መኪናውን ገዝቼ እየሠራሁበት ነው የሚለውን ሰው፣ እንዲሁም ኢንሹራንሱን፤ አራቱንም በአንድ ክስ። ስሙ ያልዞረ መኪና በየመንገዱ ሞልቷል። አንዱን ብቻ ከከሰሱ ያ ሰው «ሸጫለሁ» ወይም «ገና አልዞረልኝም» እያለ ዓመት ይፈጃል። ሁለቱም ከቀረቡ እርስ በርስ ይወቃቀሳሉ እንጂ እናንተን አያመላልሷችሁም። የመኪናው ማኅደር ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ ማስረጃው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲመጣ ይጠይቁ። ክሱን በሚያስገቡበት ዕለት ደግሞ መኪናው እንዳይሸጥና ስሙ እንዳይዞር የእግድ ማመልከቻ ከመሐላ ቃል ጋር አያይዘው ያቅርቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፍርዱ ሲገኝ መኪናው ተሽጧል፣ የሚፈጸምበት ንብረት የለም።

የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ ኢንሹራንስ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ ነው። ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለው ለዓመታት ከ5,000 ብር የማያንስ፣ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ጣሪያው ወደ 250,000 ብር ከፍ ብሏል። የእናንተ አደጋ የደረሰው ከዚያ በኋላ ስለሆነ የሚሠራላችሁ አዲሱ ነው፤ በድሮው ሒሳብ የሚያናግራችሁ ሰው ካለ አትቀበሉት። ከሁሉ በላይ ግን ይህ ጣሪያ የኢንሹራንሱ ግዴታ ጣሪያ ነው፤ የካሳችሁ ጣሪያ አይደለም። ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከ250,000 በላይ ያለውን ባለንብረቱ ከኪሱ ይከፍላል። ኢንሹራንሱ ቼኩን ሲሰጥ የሚያስፈርመው ቅጽ ላይ «ከመድን ገቢውም (ኢንሹራንሱን ከገባው ሰው) ላይ ሌላ ጥያቄ የለንም» የሚል ካለ እንዲሰረዝ ይጠይቁ፤ እምቢ ካለ ክፍያው በፍርድ ይምጣ። (መኪናው መድን ባይኖረው ወይም ገጭቶ ቢያመልጥ ኖሮ የምትሄዱት ወደ መንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ ነበር።)

የካሳው ስሌት እንዴት ይሠራል? በሞት ጊዜ መጠየቅ የሚችሉት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ተወላጆች ናቸው፤ ስለዚህ አማትዎም በራሳቸው ስም ከሳሽ ይሁኑ። የሚጠየቀው ሟች ይሰጣችሁ የነበረው መተዳደሪያ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላ። ግንበኛው በቀን 450 ብር ያገኙ ነበር፣ በወር 20 ቀን ይሠሩ ነበር እንበል፤ 9,000 ብር ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ክረምቱ ስለሚከብድ በዓመት 10 ወር ብቻ እንያዝ፤ 90,000 ብር። አንድ ሦስተኛውን ለራሳቸው ያጠፉ ነበር ካልን ለቤተሰቡ በዓመት 60,000 ይቀራል። ከ42 እስከ 60 ዓመት 18 ዓመት ነው፤ 1,080,000 ብር ይመጣል። ከዚህ 250,000 ኢንሹራንሱ ቢከፍል 830,000 የባለንብረቱ ነው። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ መከፈሉንና ልጆቹ 18 ዓመት የሚሞላቸውን ጊዜ አይቶ ሊቀንስ ይችላል፤ ሽማግሌዎቹ ካመጡት 100,000 ጋር ያለውን ልዩነት ግን ይመልከቱ።

የቀን ሠራተኛ ደመወዝ መክፈያ ሰነድ ስለሌለው ገቢውን ማስረዳት ያስቸግራል። ባለቤትዎ የሠሩበት ሥራ ተቋራጭ የፈረመው የክፍያ ወረቀት፣ በቴሌብር ወይም በባንክ የገባ ገንዘብ፣ አብረዋቸው የሠሩ ሦስት ግንበኞች ይበቃሉ። ምስክሮቹ የቀኑን ዋጋ በ30 ቀን አያባዙ፤ በመስቀለኛ ጥያቄ «በክረምትስ? በበዓልስ?» ሲባሉ ሌላው ቃላቸውም አብሮ ይወድቃል። ልኩ በትክክል ካልታወቀ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ (ተገቢ ነው ባለው ግምት) እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ግን መነሻ የሚሆን ማስረጃ ይፈልጋል። የቀብር ወጪም ይጠየቃል። የኅሊና ጉዳት ካሳ ግን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ የተቀመጠ ቁጥር ነው። ለአባት ሞት ዛሬም ይኸው መሆኑ ያሳዝናል፣ መሻሻልም አለበት፤ እስኪሻሻል ግን ጉልበታችሁን እዚያ ላይ አትጨርሱ።

የወንድምየው ካሳ የራሳቸው ነው። የሕክምና ደረሰኝ፣ ለደሴ ምልልስ የወጣ የትራንስፖርት ወጪ፣ ሳይሠሩ የከረሙባቸው ወራት፣ ወደፊት የሚያጡት ገቢ ይገባበታል። የመጨረሻው የሚለካው የሕክምና ቦርድ በሚሰጠው የዘላቂ ጉዳት መቶኛ ነው። ለወጌሻ የከፈሉት ካለ ወጌሻው በጽሑፍ ይፈርምላቸው። ሕክምናው ባያልቅም ክሱ ይግባ፤ የቦርድ ምርመራውን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስደረግ ይቻላል።

ጊዜው ግን አይጠብቃችሁም። ቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ይሰጣል፤ የእናንተ ታኅሣሥ 2019 ያበቃል። ድርጊቱ በወንጀል የሚያስቀጣና የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል ይላል ሕጉ፤ ነገር ግን ወንጀል ያልሠራው ባለንብረት «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ሽምግልናው ቀኑን አያቆመውም። የወንጀሉን ፍርድም አትጠብቁ፤ የካሳ ጥያቄን ከወንጀሉ ጋር አጣምሮ ማቅረብ የሚፈቀድ ቢሆንም እዚያ የተከሰሰው ሾፌሩ ብቻ ነው፣ ገንዘቡ ያለው ደግሞ ባለንብረቱ ጋ ነው።

ክሱ አደጋው በደረሰበት ቦታ ሊቀርብ ስለሚችል አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግዎትም። ባለንብረቱ የአዲስ አበባ ነዋሪ መሆኑ ጉዳዩን የፌዴራል ካደረገው የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና ያየዋል። ከዚያ በፊት የሞት ምዝገባ፣ የጋብቻና የልጆች ልደት ማስረጃ፣ የወራሽነትና የልጆቹ ሞግዚትነት ውሳኔ ያዘጋጁ። ሁላችሁም ከተስማማችሁ የወራሽነቱን ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ማውጣትም ይቻላል። የዳኝነት መክፈያ ከሌለዎት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 467 መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመልክቱ፤ ከቀበሌ የገቢና የንብረት ማስረጃ ይጠየቃሉ፣ በቃልም ይመረመራሉ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካጠረዎት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የነጻ ሕግ ድጋፍና የከተማው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ዘንድ ይሂዱ። ሲሄዱ የፕላኑን ቅጂና ሽማግሌዎቹ ያመጡትን ያልተፈረመ ወረቀት ይያዙ።