የሰበረውን ሳታገኙ የተሰበረውን አትቀይሩ

ልጆቼ፣ ከምናለሽ ተራ ወይም ከሶማሌ ተራ የተበላሸ የሞተር መጋዝ ገዝታችሁ፣ ጠግናችሁ ልትሠሩበት ወይም ልትሸጡት ያሰባችሁ ብዙ ናችሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር እጁን የፈታ ልጅ የሣር ማጨጃውም፣ በሞተር የሚሠራው የመድኃኒት መርጫም አይከብደውም። ነገር ግን በዚህ ሥራ የወጣት ገንዘብ ሲባክን የማየው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ፒስተኑ ተቃጥሏል ይባላል፣ አዲስ ፒስተን ይገባል፣ ያቃጠለው ነገር ሳይነካ ይቀራል። አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል።

ስለዚህ ሻጩ «ፒስተን ብቻ ነው የሚፈልገው» ሲላችሁ ምን እንዳቃጠለው ራሳችሁ ፈልጉ። ኮከብ ራስ ካቻቢቴ (ብሎን መፍቻ) እና የስልካችሁ መብራት ይበቃችኋል። ማርሚታውን ፍቱና በጭስ መውጫው በኩል ፒስተኑን እዩ። በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከተፋቀ ሞተሩ ቤንዚን አንሶት ወይም ከሆነ ቦታ አየር እየሳበ ከመጠን በላይ ግሏል። ዙሪያውን ከተፋቀ ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ጠጥቷል ማለት ነው። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር አውርዳችሁ በማስገቢያው በኩል ስታዩ ፒስተኑ ደብዝዞ ከተቧጨረ ደግሞ በተቀደደ የአየር ማጣሪያ አቧራ ገብቶበታል። ይህን እንዳታዩ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሂሳባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ማስነሻ ገመዱን ይዛችሁ መጋዙን አንጠልጥሉት። ቀስ እያለ ከወረደ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ኃይል) አለው፤ በአንዴ ዱብ ካለ ደክሟል። ከዚያ በፊት ግን ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት። ዘይት የነከረው ከሆነ ተጠንቀቁ፤ ሲሊንደር ውስጥ ዘይት ጠብ ማድረግ የደከመን ኮምፕሬሽን ለጊዜው ከፍ ያደርጋልና።

ኮምፕሬሽኑን በግፊት ጌጅ የምትለኩ ደግሞ ይህን ያዙልኝ። በውጭ አገር ቪዲዮዎች የምትሰሙት ቁጥር ለባሕር ጠለል የተለካ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ባሕር ዳርቻ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያነብ ጤነኛ መጋዝ እዚህ ከ110 እስከ 115 ቢያነብ አይግረማችሁ። ይህን ባለማወቅ ደህና ሞተር «ሞቷል» ተብሎ ሲፈታ ማየት ያሳዝነኛል።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው፤ በእኔ እምነት ትልቁ ይሄ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛል፤ መካኒኩም በሙሉ ፍጥነት የሚገባውን ቤንዚን የሚወስነውን የካርቡሬተሩን የኤች (H) ብሎን ወደ ውስጥ ጠምዝዞ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ትክክል ነው። ገዢው ግን መጋዙን ይዞ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፤ እዚያ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ወፍራም፣ ቤንዚኑ እዚህ እንደተቀነሰ ነው፤ ፒስተኑ ይቃጠላል። ስትሸጡ የት እንደሚሠራበት ጠይቁት፤ ቆላ የሚወርድ ከሆነ እዚያ ሲደርስ ብሎኑን ወደ ውጭ ፈታ እንዲያደርገው አሳዩት። ራሱን የሚያስተካክል ካርቡሬተር ያላቸው አዳዲሶቹ ብቻ ይህ አያስፈልጋቸውም።

ፒስተኑ ተቃጠለ ማለት ሲሊንደሩ ሞተ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ የምታዩት የፒስተኑ አልሙኒየም ተላጦ የተለጠፈ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጠንካራ ልባስ ደህና ሊሆን ይችላል። ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ ደጅ ላይ፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጥጥ ነክታችሁ ልጣፉ ላይ ብቻ አስነኩት፤ አልሙኒየሙን ይበላዋል። የጭስ መውጫውና የማስገቢያው ቀዳዳ ራሱ አልሙኒየም ነውና አይንካው። በውኃ በደንብ እጠቡት። ከዚያ ጥፍራችሁን አሂዱበት፤ የሚይዘው ጭረት ካለ ወይም ልባሱ ከተላጠ ሲሊንደሩን ቀይሩ።

አየር የሚያስገባውን ቀዳዳ ሳታገኙ ግን አዲስ ፒስተን አታስገቡ። የጭስ መውጫውንና ማስገቢያውን በካለማዳሪ ቁራጭ ዝጉ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ግማሽ ባር ያህል አየር ንፉና የሳሙና ውኃ ቀቡ። የሚያስገባ ቦታ ካለ አረፋው ከክራንኩ ፓራኦሊዮ (በዘንጉ ዙሪያ ያለው ማፈኛ ጎማ)፣ ከካርቡሬተሩ ጎማ ወይም ከሲሊንደሩ ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያው ላይ ያለው ማፈኛ) ሥር ይወጣል። በመሳብም ሞክሩት፤ አንዳንድ ፓራኦሊዮ ሲነፋ ይይዝና ሲሳብ ይለቃል። የደረቀ የቤንዚን ጎማና የጠነከረ የካርቡሬተር ሜምብራን (ስስ ሽፋን) ዋጋቸው ትንሽ ስለሆነ ሳትመረምሩ ለውጧቸው።

ቅልቅሉን ለገዢው በጀሪካኑ ላይ ጻፉለት። ደህና የባለ ሁለት ምት ዘይት ከሆነ 50 ለ1 ነው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር። የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ አይሆንም። የተቃጠለ ዘይት ለሰንሰለቱ ማለስለሻ የሚጠቀሙ አሉ፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ የዘይት ፓምፑንም ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ባርም ይበላል፣ ለቆዳም ጠንቅ ነው።

ዋጋን በተመለከተ የእኔ ልክ ይሄ ነው፦ መጋዙና መለዋወጫው ተደምረው ከጤነኛ አሮጌ መጋዝ ዋጋ ግማሽ ካለፉ ተዉት። በታዋቂ ስም የተመሳሰሉ ቅጂዎች ገበያውን ሞልተውታል፤ መግዛት ቢኖርባችሁ እንኳ በቅጂ ዋጋ ይሁን።

ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት የሰንሰለቱን ፍሬን ሞክሩት። ሞተሩን አስነስታችሁ ነዳጅ ሰጥታችሁ የፊት መከላከያውን ወደፊት ስትገፉት ሰንሰለቱ ወዲያው መቆም አለበት። የባሩ ጫፍ ላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ፊትና አንገት ተመልሶ ይዘላል፤ ያን ጊዜ ሠራተኛውን የሚያተርፈው ይህ ፍሬን ነው። እንደ ድሮው የስቲል 070 ሞዴል ፍሬን ሳይኖራቸው የተሠሩም አሉ፤ እነዚያን ለማንም ባትሸጡ እመርጣለሁ። ፍሬኑ የወለቀበት ወይም በሽቦ የታሰረበት መጋዝ ከመጣላችሁ ደግሞ መለዋወጫው እስኪገኝ ድረስ ከሱቃችሁ አይውጣ፤ ገዢው «ግድ የለም፣ እለምደዋለሁ» ቢላችሁም።