መልስ፦ በአንድ ሽንፈት አላበቃም

እህቴ፣ «የልጄ ኮሌጅ በአሜሪካን ፉትቦል ኦክቶበር ላይ ተሸነፈ፤ ፕሌይኦፉ (የጥሎ ማለፍ ውድድሩ) አበቃለት?» ላልሽው፣ ኧረ አላበቃም! የማያክ (የሚኒሶታው የኮሌጆች ሊግ) ሻምፒዮን ወደ ዲቪዚዮን ሦስት፣ ማለትም የስፖርት ስኮላርሺፕ ወደማይሰጡ ኮሌጆች ምድብ፣ ፕሌይኦፍ በቀጥታ ያልፋል። ስለዚህ አጠቃላይ ውጤቱን ትተሽ የሊጉን ብቻ እዪ፤ ከሊጉ ውጪ የተሸነፉት ለሊጉ ዋንጫ አይቆጠርም። ቀሪው ጨዋታ ከማን ጋር፣ የት እንደሆነም ተመልከቺ። የሊጉ አባል የሆነው የሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ከሆነ ከባድ ነው፤ በ489 ድል ከኮሌጅ ፉትቦል አሠልጣኞች ሁሉ የሚበልጠው ጆን ጋግሊያርዲ ከ1953 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ያሠለጠነበት ቤት ነው። ሜዳው ዛፍ የከበበው ነው፤ በዚህ ወቅት ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ደግሞ እነዚህ ልጆች በኳስ የሚከፈል ስኮላርሺፕ የላቸውም፣ የሚድተርም ፈተናን ከልምምድ ጋር ተሸክመው ነው የሚጫወቱት። ወፍራም ጃኬት ልበሺና ቅዳሜ ሄደሽ አይዞህ በዪው።