የተወደደው ልጅ ዕዳ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በጥብቅና ነው፤ አብዛኛውንም በውርስ ክርክር። ወንድማማቾች በቤትና በመሬት ተካሰው ይመጣሉ። መዝገቡ ሲገላበጥ ግን ከሥሩ የሚወጣው «አባታችን ከእኔ ይልቅ እርሱን ይወድ ነበር» የሚል የቆየ ቂም ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን እኩል ያወርሳል፤ ለዚህኛው ቂም ግን አንቀጽ አላገኘሁለትም።

ስለዚህ ኦሪት ዘፍጥረትን ሳነብ የያዕቆብና የዔሳው ጉዳይ እንደ ደንበኛ መዝገብ ይቀርበኛል። ሰባኪው ሁሉ ከምስሩ ወጥና ከፍየሉ ለምድ ይጀምራል። እኔ ብሆን ክሱን የማነሣው ከዚያ በፊት ነው፤ ይስሐቅ ዔሳውን ይወድድ ነበር፣ ካደነው ይበላ ነበርና፤ ርብቃ ደግሞ ያዕቆብን። ቤቱን ለሁለት የከፈሉት ወላጆች ናቸው።

ያዕቆብ ለዔሳው የታሰበውን የአባቱን ምርቃት ወሰደ። ምን አገኘበት? እናቱ «ጥቂት ቀን» ብላ ወደ ወንድሟ ወደ ላባ ሸኘችው፤ 20 ዓመት ቆየ። ዳግመኛ ስለ መገናኘታቸው መጽሐፉ አይነግረንም። ታላቁን መስሎ አባቱን ያታለለ ልጅ፣ በሠርጉ ሌሊት በታናሺቱ የላባ ልጅ ፈንታ ታላቂቱን ሰጡት። (ላባ ጥሩ ጠበቃ ይወጣው ነበር።) ምርቃቱ «የእናትህ ልጆች ይስገዱልህ» ይል ነበር፤ ሲመለስ ግን 400 ሰው አስከትሎ በመጣው ዔሳው ፊት 7 ጊዜ የሰገደው ራሱ ያዕቆብ ነው። 200 እንስት ፍየል፣ 200 እንስት በግ፣ 30 የሚያጠቡ ግመሎች ከነግልገሎቻቸው፣ ሌላም መንጋ አስቀድሞ ልኮ ነበር። ዔሳው ሮጦ አቀፈው፤ ስጦታውንም መጀመሪያ «ብዙ አለኝ» ብሎ መለሰለት። «በረከትህ አንዲት ብቻ ናትን?» ብሎ ያለቀሰው ሰው ያለዚያች በረከት ሀብታም ሆኗል!

ያልተወደዳችሁ ልጆች ዔሳውን እዩልኝ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የተወደደው ልጅ ነው። ያዕቆብ ምርቃቱን ሲቀበል «አባቴ፣ ወንድሜንም መርቀው» ለማለት አፍ ነበረው። አንተም አባትህ በሕይወት ሳሉ ይህን በላቸው፤ ከቀብር በኋላ ወደ እኔ ቢሮ ስትመጡ ረፍዷል። ነገሩን ከማንም በላይ የሚያውቀው ያዕቆብ እንኳ አባት ሲሆን፣ ከ12 ወንዶች ልጆቹ መካከል ያጌጠ ቀሚስ ያለበሰው ዮሴፍን ብቻ ነበር።