የማህፀን በር ካንሰር በደም ምርመራ ይታወቃል? ጥያቄና መልስ

የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ የምሠራ ነርስ ነኝ። የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን እነሆ መለስኩ።

ሙሉ የደም ምርመራ አድርጌ «ነጻ ነሽ» ተባልኩ። የማህፀን በር ካንሰርም የለብኝም ማለት ነው?

አይደለም፣ እህቴ። ብዙ ሴቶች የሚዘናጉት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። በሽታውን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። እንደ ኤች አይ ቪ በደም አይዘዋወርም፤ የሚቀመጠው እዚያው የማህፀን በር ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ ከክንድሽ የተቀዳው ደም ስለ እሱ ብዙም አይናገርም። ቫይረሱ አልለቅ ካለ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ያን ሁሉ ዘመን የደም ውጤትሽ ደህና ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ታዲያ ሕክምና ላይ ላለችው እናቴ ኤስ ሲ ሲ የሚባል የደም ምርመራ ለምን ታዘዘ?

ወንድሜ፣ እግዜር ይማርልህ። ኤስ ሲ ሲ ዕጢው ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ነው። ሕክምናው መሥራቱን፣ በሽታው መመለስ አለመመለሱን ለመከታተል ይጠቅማል። ካንሰሩ ገና ሲጀምር ግን ላይጨምር ይችላል። በአንዳንድ የቆዳ ሕመምና በኩላሊት ድካምም ከፍ ይላል። ጤነኛ ሴት ላይ የማንጠቀምበት ለዚህ ነው።

ውጭ አገር አዲስ የደም ምርመራ ተገኘ ሲሉ ሰማሁ።

ከዕጢው ወደ ደም የሚገባውን የቫይረሱን ዲ ኤን ኤ የሚፈልግ ምርመራ እየተጠና ነው። ካንሰሩ ላለባቸው ተስፋ አለው። ለቅድመ ምርመራ ግን አልደረሰም፤ እሱን ብላችሁ አትጠብቁ።

ምን ልመርመር ታዲያ? እውነቱን ለመናገር አፍራለሁ።

ማፈርሽ ይገባኛል፤ እኔም ስመረመር አፍሬ ነበር። 30 ዓመት ከሞላሽ፣ ኤች አይ ቪ በደምሽ ካለ ደግሞ ከ25 ጀምሮ ተመርመሪ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የማህፀን በሩ አሴቲክ አሲድ ይቀባል፤ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። የነጣ ቦታ ከታየና እዚያው ለመታከም የሚሆን ከሆነ፣ መሣሪያው ባለበት በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። የኤች ፒ ቪ ምርመራ ባለበት ደግሞ ናሙናውን ራስሽ፣ ማንም ሳያይሽ መውሰድ ትችያለሽ።

ልጄ የኤች ፒ ቪ ክትባት ወስዳለች። ምርመራው ይቀርላታል?

አይቀርም። አገራችን ክትባቱን የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ማስከተብሽ ትልቅ ነገር ነው። ክትባቱ ግን ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነት አይከላከልም። ዕድሜዋ ሲደርስ ትመርመር።

ከግንኙነት በኋላ ደም ይታየኛል። የደም ምርመራ ላድርግ?

መጀመሪያ ማህፀን በርሽ ይታይ። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፤ ቢሆንም ነገ ጠዋት ሂጂ። «ከግንኙነት በኋላ ይደማኛል» ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው።