ያለ ኦክስጅን ስለሚኖሩ ባክቴሪያዎች፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

አናኤሮብ የሚባሉትን ባክቴሪያዎች በላቦራቶሪ ማሳደግ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ሴላቸውም ሆነ ስለ አኗኗራቸው የከበዳችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እኛ ያለ ኦክስጅን ደቂቃዎችን አንዘልቅም። እነሱ እንዴት ኃይል ያገኛሉ?

መልስ፦ መጀመሪያ ኦክስጅን ለእኛ ምን እንደሚሠራ እንይ። ግሉኮስ ሲፈርስ ኤሌክትሮኖች ይወጣሉ፤ ኤንኤዲ የሚባል ተሸካሚ ይዟቸው ይሄዳል። ሸክሙን የሚያራግፍበት ካጣ ሥራው ሁሉ ይቆማል። የእኛ ማራገፊያ ኦክስጅን ነው። የእነሱ ሌላ ነው። ስለ አንድ አናኤሮብ ስታነቡ «ኤሌክትሮኑ የት ተራገፈ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙው ነገር ይገለጥላችኋል።

ገሚሶቹ ኤሌክትሮኑን በዚያው በግሉኮሱ ፍርስራሽ ላይ መልሰው ይጭኑታል። ላክቲክ አሲድ፣ አልኮል ወይም ቡቲሪክ አሲድ የሚወጣው እንዲህ ነው፤ ማብላላት የምንለውም ይህን ነው። ትርፉ ግን ትንሽ ነው፦ ከአንድ ግሉኮስ 2 ኤቲፒ (ሴሉ ለሥራው የሚያወጣው የኃይል ሞለኪውል) ገደማ፣ በኦክስጅን ቢሆን 30 ገደማ። ስለዚህ ለመኖር ብዙ ስኳር መጨረስ፣ ብዙ አሲድም መትፋት አለባቸው።

ጥያቄ፦ መምህራችን «አናኤሮቢክ መተንፈስ» ሲሉ ማብላላትን ማለታቸው ነው?

መልስ፦ ሁለቱ ይለያያሉ እህቴ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አናኤሮቢክ መተንፈስ እንደ እኛው የኤሌክትሮን ሰንሰለት፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሚቀባበሉ ፕሮቲኖች ረድፍ፣ አለው፤ መጨረሻው ላይ ግን በኦክስጅን ፋንታ ናይትሬት ወይም ሰልፌት ይቆማል። ዴሰልፎቪብሪዮ የሚባለው ባክቴሪያ ሰልፌትን ተንፍሶ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል። የረግረግ ጭቃ የሚጠቁረውና እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው በእንዲህ ዓይነቶቹ ነው።

ጥያቄ፦ ሚቶኮንድሪያ (በእኛ ሴል ውስጥ ሰንሰለቱ ያለበት ክፍል) ከሌላቸው ሰንሰለቱ የት ተቀምጦ ነው?

መልስ፦ ሴሉን በሚሸፍነው ሜምብሬን ላይ። ፕሮቶን (አሲድን አሲድ የሚያደርገው የሃይድሮጅን አዮን) ወደ ውጭ ይገፋል፣ ተመልሶ ሲገባ ኤቲፒ ይሠራል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የሚያብላሉት ናቸው፦ ብዙዎቹ ያንኑ ኤቲፒ ሠሪ ማሽን ወደ ኋላ ያሽከረክሩታል። ከዚያች ከጥቂቷ ኤቲፒ ከፍለው ፕሮቶን ያስወጣሉ፤ አለዚያ የራሳቸው አሲድ ይገድላቸዋል።

ጥያቄ፦ ኦክስጅን ለምን ይገድላቸዋል? እንደ መርዝ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ለብዙዎቹ መርዝ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1861 ቡቲሪክ አሲድ የሚያመርቱትን በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ አየር በሚያገኘው የጠብታው ጠርዝ ያሉት መንቀሳቀስ ሲያቆሙ መሃል ያሉት ይዋኙ ነበር። ምክንያቱን ዛሬ እናውቃለን። ኦክስጅን ሴሉ ውስጥ ሲገባ ከኢንዛይሞች ኤሌክትሮን ይነጥቅና ሱፐርኦክሳይድ፣ ቀጥሎም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሆናል። እነዚህ ብረትና ድኝ የተያያዙበትን የኢንዛይም እምብርት ይሰብራሉ፤ አናኤሮቦች ደግሞ ኑሯቸው በእነዚህ ኢንዛይሞች ላይ የቆመ ነው።

«መከላከያ ኢንዛይም ስለሌላቸው ነው» የሚለው የቆየ መልስ ግን ለሁሉም አይሠራም። ባክቴሮይዲስ ፍራጂሊስ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ መከላከያውን ስለያዘ በአየር ውስጥ አይራባም እንጂ ቶሎ አይሞትም።

ጥያቄ፦ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ባክቴሪያ አየርን ከፈራ፣ አፈር ላይ እንዴት ይቆያል?

መልስ፦ በስፖር መልክ። ውሃው የቀነሰ፣ በወፍራም ልባስ የተጠቀለለ፣ ሥራ ያቆመ ሴል ነው። ማፍላት ብቻውን አያስተማምንም፤ በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን) 121 ዲግሪ ሴልሺየስ የምንጠቀመው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ከአንቲባዮቲኮች ሜትሮኒዳዞል ሲሠራባቸው ጄንታማይሲን ለምን አይሠራም?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ጄንታማይሲን ወደ ሴሉ ለመግባት የመተንፈሻ ሰንሰለቱን ጉልበት ይፈልጋል፤ ኦክስጅን በሌለበት በበቂ መጠን አይገባም። ሜትሮኒዳዞል ሲገባ ገና አልነቃም። አናኤሮቡ እንደ ልማዱ ኤሌክትሮን ሲያራግፍበት ግን ይነቃና ዲኤንኤውን ይቆራርጣል። የእኛ ሴሎች ያን ያህል ኤሌክትሮን ስለማይጭኑበት በአብዛኛው ይተርፋሉ።

ጥያቄ፦ ማሳደጊያው ኦክስጅን እንደሌለው በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ሬሳዙሪን የሚባል ጠቋሚ ቀለም እንጨምርበታለን። ኦክስጅን ካለ ሮዝ ይሆናል፣ ከሌለ ቀለሙን ያጣል። ሮዝ ሆኖ ካያችሁት ባክቴሪያውን ገና አትዝሩበት።