ከአራት ኪሎ ጣሪያ ላይ ኔቡላ ማንሳት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ካነን ካሜራና አብሮት የመጣ 18-55 ሌንስ አለኝ። የኦሪዮንን ኔቡላ፣ ማለትም ኦሪዮን በሚባሉት ኮከቦች መሃል ያለውን የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ለማንሳት ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጌ 30 ሰከንድ ከፍቼ ተውኩት። ሰማዩ ብርቱካናማ ሆነ፤ ኮከቦቹ ጭረት ጭረት ሆኑ። ጓደኞቼ «ቴሌስኮፕ ሳትገዢና ከከተማ ሳትወጪ አይሞከርም» አሉኝ። እውነት ነው?
የሰማይ ወዳጅ ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አይዞሽ፣ ይቻላል። እኔም የማነሳው ከመሃል ከተማ፣ አምባሳደር አካባቢ ካለ ፎቅ ጣሪያ ላይ ነው።

ሁለቱንም ችግር ያመጣብሽ ያ 30 ሰከንድ ነው። ምድር ስለምትዞር በዚያች ጊዜ ውስጥ ኮከቡ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሩብ ያህል ይንሸራተታል። ጭረቱ እሱ ነው። የመንገዱ መብራትም ያን ያህል ሲጠራቀም ሰማዩን ይሸፍነዋል። ስለዚህ አሳጥረሽ፣ ግን አብዝተሽ አንሺ። ሌንሱን 55 ላይ አድርጊው። አፐርቸሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ እስከሚችለው ድረስ ክፈቺው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ ጊዜው 4 ሰከንድ፣ ፋይሉም ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ይሁን። እንዲህ አድርገሽ 300 ፎቶ አንሺ። ባለ ገመድ ሪሞት ካለሽ ቁልፉን ቆልፈሽ ትተዪዋለሽ፣ እሱ ራሱ ይደጋግመዋል። ሲያልቅ የሌንሱን ክዳን ገጥመሽ በዚያው ልክ 20 ጥቁር ፎቶ ጨምሪ። ካሜራው ራሱ የሚፈጥረው ነጠብጣብ የሚቀነሰው በእነሱ ነው።

አሁን 20 ደቂቃ የተጠራቀመ ብርሃን አለሽ ማለት ነው። ሲሪል ወይም ዲፕስካይስታከር የሚባሉት ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ኮከብን ከኮከብ እያገጣጠሙ 300ውን አንድ ያደርጉልሻል። የፎቶውን ብዛት 4 እጥፍ ስታደርጊው ኖይዙ፣ ፎቶው ላይ የሚታየው ሽርክት፣ በግማሽ ይቀንሳል። ብርቱካናማውንም ሲሪል ላይ ትቀንሺዋለሽ።

በልጅነቴ ፎቶ ቤት ፊልም አጥብ ነበር። ነጩ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ምንም የለም። ቀስ እያለ ቅንድብ፣ ከዚያ ዓይን ይመጣል። የመጀመሪያ ኔቡላዬን ኮምፒውተር ላይ ሳወጣ ያው ስሜት ነው የመጣብኝ። አንዷ ፎቶ ላይ እንደ አሻራ የደበዘዘች ነጥብ ብቻ ነበረች። 300ው ሲደመር ግራና ቀኝ ክንፍ አወጣች፤ ሮዝ ሆነች። በዓይን ብታዪው ግራጫ ነው። ቀለሙ የሃይድሮጂን ጋዝ ነው። መሃሉ ላይ ያሉት ወጣት ኮከቦች ጨረራቸውን እየለቀቁ ያበሩታል። ያ ብርሃን እኛ ጋ ለመድረስ 1,300 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ቅዱስ ላሊበላ ሳይወለድ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተነሳ ብርሃን አራት ኪሎ ላይ ካሜራሽ ውስጥ ይገባል። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ትዕግሥቱም ድሮ የነበረ ነው። በፈረንጆቹ 1880 ሄንሪ ድሬፐር የሚባል አሜሪካዊ የመጀመሪያውን የኔቡላ ፎቶ ሲያነሳ ይህንኑ ኦሪዮንን ነው የመረጠው። 51 ደቂቃ ፈጀበት።

ፎከሱን አደራ! ካሜራውን ሲሪየስ ወደሚባለው ደማቅ ኮከብ አዙሪና በስክሪኑ 10 እጥፍ አጉልተሽ ኮከቡ ትንሿ ነጥብ እስኪሆን አስተካክይ። ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፊው። እኔ ሳልለጥፍ ቀርቼ፣ ጣቴ ነክቶት ኖሮ፣ 240 ፎቶ ደበዘዘብኝ። ብርድ ላይ የቆምኩበት ሌሊት ሁሉ ሄደ።

የጣሪያው ሮቶ ጀርባ ቁሚ፤ የመንገዱ መብራት በቀጥታ ሌንሱን አይመታውም። ሰፈሩ መብራት ከሄደ ደግሞ ሻማ ፍለጋ አትግቢ፣ ወደ ጣሪያ ሩጪ። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጪ። በታኅሣሥ ኦሪዮን አናት ላይ የሚደርሰው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ በጥር መጨረሻ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ስለሚደርስ ለሥራ ሰው ይመቻል። በተርታ የቆሙትን ሦስቱን ኮከቦች ፈልጊ። ከእነሱ በስተደቡብ ደብዘዝ ያሉ ሌሎች ሦስት አሉ። መሃለኛው ጉም የመሰለው እሱ ነው። ለንደን ላይ ቢበዛ ከአድማስ 33 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። እኛ ጋ 75 ዲግሪ ይደርሳል። የከተማው ብርሃን ደግሞ የሚከብደው ወደ አድማስ ነው። አዲስ አበባ በዚህ ታድላለች።

ቴሌስኮፑን ለጊዜው ተዪው። ብር ካለሽ 50 ሚሊ ሜትር፣ 1.8 የሚከፈተውን ሌንስ ግዢ፤ ያገለገለም ይሆናል። ከከተማ መውጣቱ የሚያስፈልግሽ እንደ ፈረስ ራስ ኔቡላ ያሉትን ደብዛዞች ስትመኚ ነው።

ደግሞ ከመውጣትሽ በፊት ለጥበቃው ንገሪው። በሌሊት ካሜራ ይዞ ጣሪያ ላይ የሚንጎራደድ ሰው ያስደነግጣል። የእኛው ጥበቃ መጀመሪያ ባትሪውን ፊቴ ላይ አብርቶ ነበር የመጣው፤ አንድ ፎቶ ተበላሸ። ስክሪኑን አሳየሁት። ጋቢውን ሰብስቦ ጎንበስ አለና «ይሄ ጭስ የመሰለው ምንድነው?» አለኝ። አሁን የደረጃውን መብራት የሚያጠፋልኝ እሱ ነው።