ስለ ቻይና ልብ ወለድና ሳንሱር ለጠየቃችሁኝ

ስለ ዘመኑ የቻይና ልብ ወለድ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ሳንሱር ላይ አረፉ። ደስ ብሎኛል፤ እሱን ዘሎ ስለ ልብ ወለዱ ማውራት አይቻልማ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።

ጥያቄ፦ ደራሲው ረቂቁን ይዞ የሚሄድበት የሳንሱር ቢሮ አለ? እንደ ደርግ ጊዜ ማህተም የሚመታበት ማለቴ ነው።

መልስ፦ ለተራ ልብ ወለድ እንደዚያ ያለ መስኮት የለም። ደራሲው የሚሄደው አሳታሚ ጋ ነው። አሳታሚዎቹ ግን የመንግሥት ናቸው። እያንዳንዱ መጽሐፍ የመጽሐፍ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ቁጥሩን የሚያድለው መንግሥት ነው። የግል ድርጅቶች መጽሐፍ አዘጋጅተው ይሸጣሉ፣ ቁጥሩን የሚያገኙት ግን ከመንግሥት አሳታሚ ነው። ከ2018 ወዲህ ደግሞ የኅትመት ቁጥጥሩ በቀጥታ በኮሚኒስት ፓርቲው የፕሮፓጋንዳ መምሪያ ሥር ነው።

ታዲያ ቀይ እስክሪብቶውን የሚይዘው ማነው? አርታዒው ነው። ረቂቁ በሦስት እርከን ይታያል፤ መጀመሪያ አርታዒው፣ ቀጥሎ የክፍሉ ኃላፊ፣ በመጨረሻ ዋና አዘጋጁ። ወደ ላይ የሚላኩት እንደ ፓርቲ ታሪክና የመሪዎች ሕይወት ያሉ ከበድ ያሉ ርዕሶች ናቸው። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ጣጣ ቢያመጣ ተጠያቂው ያሳለፈው ሰው ነው። ልጅ የሚያሳድግ፣ የቤት ዕዳ ያለበት ሰው ነው እንግዲህ። አንድ አንቀጽ ካጠራጠረው ያወጣዋል። ማንም አላዘዘውም።

ጥያቄ፦ የተከለከሉ ርዕሶች ዝርዝር የት ይገኛል?

መልስ፦ በይፋ የወጣ ዝርዝር የለም። ዝርዝር ቢኖርማ ሰው እስከ ድንበሩ ድረስ ይሄድ ነበር። ስለሌለ ሁሉም ከድንበሩ ራቅ ብሎ ይቆማል።

በ1989 ሠራዊቱ ቤጂንግ ውስጥ ሰልፈኞችን የገደለበት የቲያናንመን ጉዳይ እንደማይነካ ሁሉም ያውቃል። የባህል አብዮቱ፣ ማለትም ከ1966 እስከ 1976 በማኦ ጥሪ ምሁራንና «የአብዮት ጠላት» የተባሉ የተሳደዱበት ዘመን፣ ግን እንደ አጻጻፉና እንደ ጊዜው ነው። የሊዩ ሲሺንን «የሦስት አካላት ችግር» ውሰዱ። በ2006 በመጽሔት በተከታታይ ሲወጣ ታሪኩ የሚጀምረው በባህል አብዮቱ ነበር። በ2008 በመጽሐፍ ሲታተም ያ ክፍል ወደ መሀል ተወሰደ፤ አንባቢው መጀመሪያ የሚያገኘው የዛሬውን ዘመን ሆነ። የተቆረጠ ነገር የለም፣ ቦታው ብቻ ተቀየረ። በ2014 የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ወደ መጀመሪያው መለሰው። ሴት ልጅ አባቷ በተማሪዎች ተደብድቦ ሲሞት ታያለች። ይህን መጀመሪያ ያነበበና መሀል ላይ ያገኘው ሰው ያነበቡት አንድ መጽሐፍ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ አንተን በግልህ በጣም የሚያሳዝንህ የማን ታሪክ ነው?

መልስ፦ የያን ሊያንኬ፣ ሳላመነታ። በ1958 ሄናን ውስጥ ከገበሬ ቤት ተወለደ፣ ለዓመታት የጦር ሠራዊቱ ደራሲ ነበር። በ1990ዎቹ በሄናን ድሃ ገበሬዎች ደማቸውን ይሸጡ ነበር። ሰብሳቢዎቹ የብዙ ሰው ደም አንድ ላይ ደባልቀው ፈሳሹን ክፍል ያወጣሉ፣ የቀረውን ቀይ ደም መልሰው ለገበሬዎቹ ይሰጣሉ። ኤችአይቪ በዚያ መንገድ መንደር ለመንደር ተዛመተ።

ያን መንደሮቹ ድረስ ደጋግሞ ሄደ። ከዚያ የመጣው በ2006 የታተመው «የዲንግ መንደር ሕልም» ነው። የሚተርከው የሞተ የ12 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ደም ነጋዴ ስለሆነ የመንደሩ ሰው በመርዝ ገድሎታል።

አንጀቴን የሚበላው ግን ከመጽሐፉ ጀርባ ያለው ነው። ከአንድ ዓመት በፊት «ሕዝብን አገልግል!» የተባለ አጭር ልብ ወለዱ ከመጽሔት እንዲሰበሰብ ታዝዞ ስለነበር፣ ይኸኛው እንዲያልፍለት ራሱን በራሱ ቆረጠ። ባለሥልጣናቱን ተወ፣ ነገሩን ከአንድ መንደር እንዳይወጣ አደረገ። ደም በቧንቧ ወደ ውጭ አገር የምትሸጥ አገር የምትታይበት ሰፊ ሐሳብ ነበረው፣ እሱንም ጣለው። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ እንዳይሸጥ ታገደ። የሚወደውን ከፍሎ ምንም አላገኘም። ኋላ እንደተጸጸተበት ራሱ ተናግሯል።

ከዚያ በኋላ ይታተማል አይታተምም ሳይል የጻፈው በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀመረው የቻይና ታላቅ ረሃብ ዘመን ስለነበረ የማረሚያ ካምፕ የሚያወራውን «አራቱ መጻሕፍት» ነው። በዋናው ቻይና የደፈረ አሳታሚ አልተገኘም፤ በ2011 በሆንግ ኮንግና በታይዋን ወጣ። ሁለቱን አከታትላችሁ ብታነቡ ልዩነቱ ይሰማችኋል። በሁለተኛው ብዕሩ አይፈራም።

ጥያቄ፦ ደራሲዎቻቸው እንደ በዓሉ ግርማ ደብዛቸው ይጠፋል?

መልስ፦ በዓሉ «ኦሮማይ»ን አሳትሞ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። የቻይና ልብ ወለድ ጸሐፊ ዕጣ ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ያን ቤጂንግ ይኖራል፣ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ መጽሐፉ ነው የማይገኘው። ከበድ ያለው ዱላ ያረፈው መጽሐፍ ሻጮች ላይ ነው። በ2015 መጨረሻ የታገዱ መጻሕፍትን ይሸጥ ከነበረ አንድ የሆንግ ኮንግ መደብር ጋር የተያያዙ አምስት ሰዎች ተሰወሩ። በዋናው ቻይና ባለሥልጣናት እጅ መሆናቸው ኋላ ታወቀ። ከአምስቱ አንዱ በ2020 10 ዓመት ተፈረደበት።

ጥያቄ፦ ሞ ያን የመንግሥት ሰው ነው ይባላል። ኖቤሉ ይገባዋል?

መልስ፦ ይገባዋል ባይ ነኝ። የብዕር ስሙ «አትናገር» ማለት ነው። በ2012 ስቶክሆልም ላይ ሳንሱርን ከአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ጋር ሲያመሳስለው ብዙ ሰው ተቆጣ፤ እኔም ተናድጃለሁ። ግን «እንቁራሪት»ን አንብቡ። የአንድ ልጅ ፖሊሲን የምታስፈጽም የገጠር አዋላጅ ታሪክ ነው። እርጉዝ ሴቶች በጀልባ ሲታደኑ ያሳያል። ይህን የጻፈ ሰው ዝም ብሏል ለማለት ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ፊልሙ ታግዶ መጽሐፉ የሚሸጥበት ነገርስ አለ?

መልስ፦ አለ። የዩ ሁዋ «መኖር» በሚሊዮን ይሸጣል፤ በ1994 የተሠራው ፊልም ግን ታገደ። ሲኒማ የበለጠ ይፈራል፣ በቃ።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት የሚጽፉትስ? እነሱ አርታዒም አሳታሚም የላቸው።

መልስ፦ እህቴ፣ ነገሩ እዚያ ይብሳል እንጂ አይቀልም። በ2018 አንዲት ደራሲ በወንዶች መካከል ስላለ ፍቅር የጻፈችውን መጽሐፍ ራሷ አሳትማ በመሸጧ የብልግና ጽሑፍ ተብሎ 10 ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደባት። በ2022 ደግሞ አንዲት ጸሐፊ ከሚሊዮን በላይ ፊደል የደረሰ ረቂቋን ልትከፍት ስትል የጽሑፍ ማዘጋጃው ፕሮግራም «የተከለከለ ይዘት» አለበት ብሎ ዘጋባት። ገና ለማንም ያላሳየችው፣ ያላለቀ ልብ ወለድ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ቶሎ ብዬ የራሴን ፋይሎች ነበር የከፈትኩት።

ጥያቄ፦ ባዶ ሳጥን የታተመበት ልብ ወለድ አለ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ አንድ ቅጂ ቻይና ስማር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቼ አለኝ። የጂያ ፒንግዋ «የፈረሰችው መዲና» ነው፣ 1993። ገጾቹ ቢጫ ሆነዋል፣ ጠርዙን ሲነኩት ይሰበራል። ሁለት ሰዎች ክፍል ውስጥ ናቸው፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ □□□□□□። ቀጥሎ በቅንፍ ደራሲው እዚህ ላይ ይህን ያህል ፊደል እንዳወጣ ተጽፏል። በቁጥር! ጥንት የተቆራረጡ የፍቅር ልብ ወለዶች እንዲህ ይታተሙ ነበርና ጂያ ዘዴውን ከዚያ ወሰደው። የቻይና አንባቢ እስከ ዛሬ የሚከራከረው ከሳጥኖቹ ጀርባ በእርግጥ የተጻፈ ነገር ነበር ወይ እያለ ነው።

መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፤ በሕገወጥ መንገድ እየታተመ በየመንገዱ ተቸበቸበ። እኔ ያለኝም ከነዚያ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። በ2009 ፈቃድ አግኝቶ እንደገና ታተመ። አዲሱን እትም ስገልጥ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሳጥኖቹ ነበር። የሉም። በቦታቸው ነጠብጣብ ተደርድሯል፣ የፊደሉ ቁጥርም ወጥቷል።